ሦስቴ የተነፋ ዱቄት

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ደብተሬ፣ የ9ኛ «ሀ» ፈተና ግማሹ ታረመ። ግማሹ ይቆይ። ባሌ ጌታቸው እንዳኮረፈ ነው። ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ስኳርህ ጠርዝ ላይ ነው ካሉት ወዲህ፣ ሻዩን ያለ ኬክ ሲጠጣ ለቀስተኛ ይመስላል። የሚሠራበት የልብስ ስፌት ቤት ደግሞ ከኬክ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ዛሬ ቁርጡን ነገረኝ፦ እስከ እሁድ የሚበላው ኬክ ካልሠራሁለት ወደ ኬክ ቤቱ ነጭ ኬክ ይመለሳል።

አንብቤያለሁ። ስንዴው ከነገለፈቱ ተፈጭቶ፣ ስኳሩ ተቀንሶ ይሆናል ይላል። ዘመሮ ለሚኖሩት እናቱ ለእማማ በላይነሽ ደወልኩ። ንጹሕ የስንዴ ዱቄት ይላኩልኝ አልኳቸው። ምክንያቱን ዘለልኩ። ጌታቸው አስምሎኛል፤ እናቱ ስለ ስኳሩ እንዳይሰሙ።

ሐሙስ፣ ጥር 15፣ ከሰዓት 11፡00

ዱቄቱ በመኪና እኛ ከተማ፣ ሞላሌ ደረሰ። ከረጢቱን ፈታሁ። ጥጥ የመሰለ ነጭ! ንጹሕ ስል ባዕድ ነገር ያልገባበት ማለቴ ነበር። እማማ ሦስቴ ነፍተውታል። ለክብሬ።

ደወልኩ፣ አመሰገንኩ፣ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ቀጣዩን ሳይነፉ ቢልኩልኝ አልኩ። እማማ፦ «ልጄ፣ ያንን እኮ ለበጎቹ ነው የምሰጠው። ለምራቴ የበግ ቀለብ ልላክ? ጎረቤቱ ምን ይለኛል?»

አሥራ ሁለት ዓመት ታሪክ አስተምሬአለሁ። ስንት የከሸፈ ድርድር። እንዲህ በዱቄት የከሸፈ አላጋጠመኝም።

ቅዳሜ፣ ጥር 17፣ ረፋድ

እማማ ራሳቸው መጡ! ሳይደውሉ። ስንዴ በጆንያ ይዘው። በሩ ላይ ቆመው ቤቱን በዓይናቸው ፈተሹ። ሶፋው አለ። ቴሌቪዥኑም አለ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቸግሯችኋል ወይ አሉኝ። ያልተነፋ ዱቄት የሚለምን ሌላ ምን ይሆናል?

መሐላዬን አፈረስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ጥቂት አለቀሱ። ከዚያ ተቆጡ፦ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ጌታቸውን፣ በመጨረሻ ኬክ ቤቱን። ነጠላቸውን አደገደጉና ወደ ወፍጮ ቤት። ስንዴው ተፈጭቶ ሲያልቅ አንዲት ደግ ሴት ወንፊት ላውሳችሁ ብትል፣ «እንዳታስጠጊው!» ብለው ጮኹባት። የሞላሌ ገበያ ዞሮ አየን።

እሁድ፣ ጥር 18፣ 9፡00

ኬኩ ከድስቱ ወጣ። ቡናማ። መሐሉ ተሰንጥቋል። ከባድ ነው፣ አልዋሽህም።

ጌታቸው ዞር ዞር ብሎ አየው። «አንቺዬ፣ ይሄ ይበላል ወይስ ቤት ይሠራበታል?»

«ዝም ብለህ ቅመስ፣ አንተ ደባቂ!» እማማ ናቸው።

ቀመሰ። አላመጠ። በጣም ብዙ አላመጠ። ለውዝ ለውዝ ይላል አለ፣ እየቀፈፈው ሳይሆን እየገረመው። ሁለተኛውን ሊቆርጥ ሲል እማማ ቢላዋውን ቀሙት፤ ይሄም ልክ አለው አሉ። የእሱን ድርሻ ራሳቸው በሉት። ሳቀ። ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ሳቅ።

ኬክ ቤት መሄዱ ቀርቷል። ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ ሄዶ ደግሞ ይለካል። እማማ መኪና ሲሳፈሩ ቁጥሩን ማን እንደሚነግራቸው ጠየቁ። ጌታቸው ከኋላቸው ሆኖ ቅንድቡን አነሣልኝ። ገባኝ፤ ከፍ ካለ ቀንሰሽ ንገሪያት ነው።

አልቀንስም። የወጣውን እነግራቸዋለሁ።