የዋቆ ገንዳ ሙቀት

ሐምሌ 4 ቀን 73፣ ንጋት 12 ሰዓት

የጓሯችን ውሃ ማጠራቀሚያ 16 ዲግሪ። የባለ ወፍጮው የዋቆ ሞተር ማቀዝቀዣ ገንዳ 28። ቴርሞሜትሬን ከአብዮቱ ሸሽቼ ድንበር ተሻግሬ ሞያሌ ስገባ በካልሲ ጠቅልዬ ነው ያመጣኋት። ከመምህርነቴ የቀረችኝ እሷ ብቻ። ማጠራቀሚያው ውስጥ ያሉት ዛጎሎች፣ ግድግዳ ላይ የሚጣበቁት የወንዝ ፍጥረቶች፣ በብርዱ አፋቸውን ከፍተው ሞተዋል። ገንዳው ውስጥ ያሉት ይራባሉ። ዋቆ ራሱ ነው ያመጣቸው፣ ለገንዳውም ለእኛም ከቆላ ወንዝ በበርሜል ውሃ ሲያስጭን። ደስ ብሎኛል ደብተሬ፣ አልዋሽህም።

ሐምሌ 7

ወፍጮው ቆመ። ዛጎሎቹ ቱቦውን ደፍነውት ሞተሩ ጋለ። ዋቆ ኮፍያውን አውልቆ መጣ። ምዋሊሙ፣ መምህር ማለቱ ነው፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ ምን ይሻላል አለኝ። አምና ኪፓንዴ፣ የዚህ አገር መታወቂያ፣ የለውም ብሎ ለፖሊስ ያስያዘኝ እሱ ነው፤ ክፍሌን ለመጋዘን ፈልጓት። ፖሊሱ ራሱ ነው የነገረኝ። ሃያ ቀን ሲሚንቶ ላይ ተኛሁ። ጉልበቴ ከዚያ ወዲህ ጉልበት አልሆነም። ያኔ ምዋሊሙ አላለኝም።

ብርዱ ይጨርሳቸዋል፣ ጠብቅ አልኩት። ማጠራቀሚያውን አሳየሁት። የሞቱትን በእጁ አገላበጠ፣ አመነ። ያልነገርኩት፦ ገንዳውን የሚያሞቀው የራሱ ሞተር ነው። በዚህ ብርድ አንድ ሳምንት ቢያጠፋው ያልቃሉ። እሱ ግን ቱቦውን ጠርጎ አስነሳው። ውሃውን እንደሁ አይደፋም፤ ሞያሌ ላይ ያን ያህል ውሃ ማን ይደፋል።

ሐምሌ 15

ገንዳው 29። ዋቆ ለምክሬ ብሎ ዱቄት ላከልኝ። ገንፎ ሠራሁ። ጥሩ ዱቄት ነው።

ሐምሌ 22

ወፍጮው እንደገና ቆመ። ሐሊማ፣ አከራዬ፣ በቆሎዋን ተሸክማ ሩቅ መንደር፣ ሄሉ ድረስ ሄዳ አስፈጨች። ወገቧን ይዛ ተመለሰች። ታስሬ ሳለሁ በየቀኑ ምግብ ያመላለሰችልኝ እሷ ናት። እሷን አላሰብኳትም ነበር። ተናደድኩ፣ በማን እንደሆነ አላውቅም።

ሐምሌ 23

የሞተሩን ነገር ለዋቆ ልነግረው እስከ በሩ ሄጄ ነበር። ደጃፉ ላይ ጉልበቴ ጠዘጠዘኝ። ተመለስኩ።

ወስኛለሁ። እነግረዋለሁ። ግን መስከረም አንድ፣ እንኳን አደረሰህ ብዬ፤ ብርዱ አልፎ ሞተሩን ቢያጠፋውም በማይጠቅመው ጊዜ። እስከዚያ የሐሊማን በቆሎ ሄሉ ድረስ እኔ እሸከማለሁ። በዚሁ ጉልበቴ።