ለመቃብሩ የዘራሁት ሬት

መርሳ፣ ረቡዕ የካቲት 11

ጎረቤቴ ዘይነባ ዛሬም ከደሴ አልተመለሰችም። የኩላሊት ሕመሟ ትንሽ ተሽሏት ልጇ ቤት ተኝታለች፣ አልሐምዱሊላህ። ከአጥሩ ወዲያ የሚጣራኝ ግን አጣሁ።

ክረምት ሲገባ በባለቤቴ መቃብር ላይ ልተክለው ብዬ፣ ከእናቴ መቃብር የለቀምኩት የሬት ዘር አስራ አንድ በቅሎልኝ ነበር። ጠዋት ባየው አራቱ ከሥራቸው በስብሰው ወድቀዋል። ደንግጬ ለዘይነባ ደወልኩላት።

«በየቀኑ አጠጣሻቸው አይደል?»

«ትንሽ ትንሽ ነው እኮ።»

«አንቺ ሴትዮ! ሬት እኮ ነው፣ ጎመን መሰለሽ? በአስር ቀን አንዴ አቅምሺውና ዞር በይለት!» ብላ ሳቀች። ሳቁ ሕመሟን ቀሰቀሰባት መሰለኝ፣ ልጇ ስልኩን ተቀበላት።

እውነቷን ነው፣ እኔም አላጣሁትም። በድርቅ ሁሉ የማይደርቅ ነው ብለን አይደል መቃብር ላይ የምንተክለው? ግን ባለቤቴ ከሞተ ወዲህ ጠዋት ተነስቼ «ጠጣ፣ ብላ» የምለው ሰው የለኝም። ለነሱ ውሃ መቅዳቱ ከአልጋ ያስነሳኝ ነበር።

ዛሬ ጣሳውን ሦስት ጊዜ ሞልቼ ሦስቴም መለስኩት። ከሰዓት ባዶ እጄን አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሰባቱ ቆመዋል። ምንም አይፈልጉም። እኔ ግን እስኪመሽ ከዚያ አልተነሳሁም።