ድንጋይ የተሸከሙት ስድስቱ

ኅዳር 4፣ ማታ

ሽሮው አረረ። ፍርዱን እያነበብሁ ረሳሁት። ያረረውን በላሁ። ለማን ልናገር?

ላንተ ልንገርህ እንጅ፣ ደብተሬ። የፍርዱ ገጽ 11፦ «ስድስቱ ግብረ አበሮች ድንጋይ ተሸክመው በአንድነት ወደ ሟች አባት ቤት መሄዳቸው የተደራጀ ቡድን መሆናቸውን ያስረዳል።» ሌላው ማስረጃ ፎቶ ነው። ስድስቱና ልንገረው የሚባለው ደንበኛዬ፣ ሰርግ ላይ፣ በፈረስ። ይኸው ነው። ወንበዴ ተባሉ።

ልንገረው በግጦሽ ድንበር ተጣልቶ አንሙትን በጥይት ገድሏል። ብቻውን ነበር። ጓደኞቹ ከቀብሩ በኋላ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው ሄዱ፤ የሟችን አባት ይቅርታ ሊለምኑ። እዚህ አገር ይቅርታ እንዲህ እንደሚለመን የማያውቅ የለም። ዳኛውም ያውቃል። መዝገቡ ውስጥ ግን የለም። መንገድ ላይ ያያቸው ፖሊስ መሰከረ፤ የቀድሞው ጠበቃ አንድ ጥያቄ አልጠየቀም። አባትየውን የጠየቃቸው የለም። ስንፍና።

«በቡድን» የምትለዋ ቃል ቅጣቱን ዕድሜ ልክ አድርጋዋለች። ይግባኜ እሷን ለማሰረዝ ነው።

ኅዳር 7

ከዳንግላ እንጅባራ በሚኒባስ። ሻይ ቤት። ሁለት ጠበቆች ስቀመጥ ተነሡ፤ ቀጠሮ አለን አሉ። ውጭ ቆመው ሲያወሩ አያቸዋለሁ። ሦስተኛው አልሸሸም። «ከፈረሰኞቹ መሃል የልንገረው ቦታ ባዶ ነው» አለኝ ጮክ ብሎ። «ፈረስ ግዛና ተካው እንጅ።» ቤቱ ሳቀ። ቀልዱ ጥሩ ነበር፤ ያናደደኝም እሱ ነው።

ከስድስቱ አንዱን፣ ታደሰን፣ አገኘሁት። አልመሰክርም አለ። ሌሎቹም አይመሰክሩም። እስካሁን አልተከሰሱም፤ አንገታቸውን ደፍተው መኖር ነው የሚፈልጉት። «ጋሼ፣ ድንጋይ ብንሸከም ወንበዴ ተባልን። ቃል ብንሰጥ ደግሞ ምን ልንባል ነው?»

ጥፋቱ የሱ ይመስል ተቆጣሁት።

ኅዳር 8

ቤት። ኔትወርክ የለም። ሰው የለም። ሚስቴ ከሄደች ወዲህ ሬዲዮ የምከፍተው ለድምፁ ነው።

የይግባኙን ረቂቅ አነበብሁ። አንደኛ ምክንያት፦ ልንገረው ራሱን ሲከላከል ነው፤ አንሙት አስቀድሞ ዱላ አንሥቶ ነበር። ምስክሩ አንድ፣ እሱም ዘመድ። የልንገረው ወንድም ግድ ብሎኝ ያስገባሁት ነው። ሁለተኛ፦ ቡድን የሚባል አልነበረም። ይህ እውነት ነው። ምስክር የለኝም።

አንድ ሰው አለ። ከትናንት ጀምሮ ላለማሰብ እየታገልሁ ነው። የአንሙት አባት።

ኅዳር 10፣ ከዘንገና መልስ

ሄድሁ። የአንሙትን አባት፣ አያ ይስማውን፣ አውድማ ላይ፣ ገብስ ሲወቁ አገኘኋቸው። ማን መሆኔን ስናገር ምራታቸው በአገሩ ቋንቋ፣ በአውንጊ፣ አንድ ነገር ብላ ፊቷን አዞረች። ሰላምታ አልነበረም። እሳቸው ተቀመጥ አሉኝ።

ስድስቱ ልጆች ዝተውብዎት ነበር ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

«አለቀሱ እንጅ ምን ይዝታሉ። ድንጋዩን ከጫንቃቸው ያወረድሁት በዚህ እጄ ነው። ይቅር ያልሁት ግን እነሱን ነው። እሱን አላልሁም።»

ይግባኙ የሚታየው ባሕር ዳር ነው፤ እዚያ ድረስ ሄደው ይህንኑ ለፍ/ቤቱ ይናገሩልኝ አልሁ። ልጄን ለገደለው ምን ይጠቅመዋል አሉ። ልዋሽ እችል ነበር፤ አልዋሸሁም። ቅጣቱ ይቀንስለታል፣ አንድ ቀን ይወጣል አልሁ። ከጋቢያቸው ላይ ገለባ ለቀሙ። ከዚያ፣ ወረቀትህ ስለ ልጄ ምን ይላል አሉኝ።

አነበብሁላቸው። ዱላው ላይ ስደርስ ተነሡ።

«አንሙት ዱላ አላነሣም። ወረቀትህ ይህን እያለ ካንተ ጎን አልቆምም። ገድሏል በል። ከዚያ ጥራኝ።»

በእግር ወደ አስፋልቱ። ማንም አልሸኘኝም። እኔም ብሆን አልሸኝም ነበር።

ኅዳር 11

ማረሚያ ቤት። ለልንገረው ሁሉንም ነገርሁት፤ የሚያጣውንም። ዱላውን ካወጣነው ራሴን ስከላከል ነው የሚለው ክርክር ያበቃለታል። ሽማግሌው ባሕር ዳር ደርሰው ሐሳባቸውን ቢለውጡ ባዶ እጃችንን እንቀራለን። ወንድምህም አይስማማም አልሁት።

ሽቦውን ያዘ። ኋላ፣ እነታደሰ አሁንም አብረው ይጋልባሉ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ፈረሶቹን ሸጠዋል አልሁ።

ወደ መሬት አየ።

«አውጣው፣ ጋሼ። ዱላ አልነበረም።»

ማታ

ወንድሙ ደወለ። ከሃዲ አለኝ። ሌላ ጠበቃ እንይዛለን አለ። የሚፈርመው ልንገረው ነው፣ አንተ አይደለህም ብዬ ዘጋሁት። እንግዲህ ካንተ በቀር የማወራው የለም፣ ደብተሬ። አንተም አትመልስም።

አንደኛውን ምክንያት ሰረዝሁት። ሁሉንም እንደ አዲስ ጻፍሁ። ይግባኙ አሁን የሚጀምረው እንዲህ ብሎ ነው፦ «ይግባኝ ባይ የአቶ ይስማውን ልጅ አንሙትን ገድሏል። የገደለው ብቻውን ነው።»