ለቅኔው ዋስ ሆንኩ

ሐሙስ

ፈርሜ መጣሁ። የወረዳው ገዥ የቅኔ ጉባኤው እንዲመለስ ፈቀዱ፤ እሑድ በደብራችን ቅጽር ይሆናል። ጉባኤው ቀርቶ የቆየው አንድ መሪጌታ የቀድሞውን ገዥ በቅኔ ወጋ አድርገው ስለታሰሩ ነበር። አሁን ሁለት ነገር ተጠየቅሁ፦ ዋስ መሆንና ቅኔዎቹን አስቀድሞ ማሳየት። ሁለቱንም እሺ አልኩ። አዲስ አበባ ጋዜጣ ላይ ስሠራ ሳይመረመር የወጣ ገጽ አላየሁም። ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ዓርብ

ቅኔዎቹን ልቀበል ወደ መምህሩ ወደ የኔታ ሄድኩ። ሳቁብኝ። «ያልተፀነሰ ልጅ ክርስትና ልታስነሣ ነው?» ቅኔ እዚያው ታስቦ እዚያው ይባላል፤ አስቀድሞ የተጻፈ ነውር ነው። ከልጅነቴ የማውቀውን እንዴት እንደረሳሁት እንጃ።

ለገዥው ነገርኳቸው። «እንግዲህ ዋሱ አንተ ነህ» አሉ፣ በዝግታ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

ገበያው ሁሉ ሰምቷል። አንድ ጨው ነጋዴ «ጋዜጠኛው፣ ስንቅ አስቋጥረሃል?» ብሎ አሳቀብኝ።

ቅዳሜ

እንቅልፍ የለም። የምፈራው፦ የመሬት ግብሩ ቢነሣ። የገዥው አዲሱ ቤት ቢነሣ። ከሁሉ በላይ እኒያ ታስረው የተፈቱት መሪጌታ። ዛሬ ከስማዳ ገቡ።

«መሪጌታ፣ እባክዎ፣ ገዥውን ባይነኩብኝ» አልኳቸው።

መልሰው ጠየቁኝ፦ «ስንት ልጆች አሉህ?»

«አራት።»

ወደ ማደሪያቸው ሄዱ።

ባለቤቴ በሶና ጋቢ ጠቅልላ በሩ ሥር አኑራለች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

እሑድ

አለፈ። ከእስቴ ሳይቀር ሰው መጥቶ ነበር። መሪጌታ ተነሡ። ስለ እመቤታችን ተቀኙ፤ ስለ እሷ ብቻ። ተከታዮቹም እንዲሁ፣ ለዘብ ለዘብ አድርገው። ቅኔ ሲያምር ካህናቱ «ይበል» ይላሉ። ዛሬ አንድም ሰው አላለም። ሕዝቡ ጉባኤው ሳያልቅ አንድ አንድ እያለ ተበተነ።

ለእኔ ፈርተውልኝ ነው፤ ሁሉም። እፎይ አልኩ። አፈርኩም። ገዥው ግን «በየዓመቱ እንዲህ ይሁን» ብለው እጄን ጨበጡ።

ሰኞ

የኔታ በማለዳ መጡ። አልቀመጥም አሉ።

«ከገዥው ዘንድ መምጣቴ ነው። ለከርሞ ዋሱ እኔ ነኝ። አንተ ተቀምጠህ ትሰማለህ።»

«የኔታ፣ በዚህ ዕድሜዎ?»

«የማሳድገው ልጅ የለኝ። መሪጌታም ለእኔ ብሎ ዝም እንዳይል ነግሬዋለሁ።»

በትራቸውን ይዘው ወረዱ። ገና ዓመት አለ ብዬ ልጽናና ሞከርኩ። አልሆነልኝም።