ካፒቴኗ ቤቷ የገባችበት ምዕራፍ

እትዬ፣ ናፍቆቴ ከዚህ ደብዳቤ ቀድሞ ይድረስሽ። ሥራው፣ ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እኛ፣ ክብር ምስጋና ለአምላክ፣ ደህና ነን።

እኔ ያው ከቴሌቪዥኑ የጠፈር ድራማ እየተነሳሁ ልብ ወለድና ኮሚክ እጽፋለሁ። የድራማው ባለቤቶች ሕግ ጥብቅ ነው፤ በመጽሐፌ ማንም አያረጅም፣ ማንም አይሞትም፣ መጨረሻው ላይ ሁሉም በነበረበት ይገኛል። ዘንድሮ ግን እጄ አላርፍ ብሎ ወደ ቤቷ የምትጓዘውን የድራማውን ካፒቴን እናቷ ቤት አስገባኋት። አርታኢው ደውሎ «አንተ ሰው፣ ድራማው ላይ ገና መንገድ ላይ ናት እኮ! አሁኑኑ አውጣት!» ብሎ ጮኸብኝ። ምን ላድርግ፣ ምዕራፉን ቆረጥኩት።

እማዬ ግን «እሱኑ አንብብልኝ» ትላለች። ደረጃው ስለሰለቻት አልጋዋን ወደ ሳሎን አውርደንላታል። ምግብም በማንኪያ ካላጎረስኳት አልበላም ብላለች፤ በስተርጅና መሞላቀቅ አማራት መሰለኝ። ትናንት ካፒቴኗ በሩ ጋ ስትደርስ፣ እማዬ እጄን ይዛ «ቀስ ብለህ አንብብ፤ ስትገባ ልያት» አለችኝ።

ይልቅስ የአውሮፕላን ትኬት በዚህ ወር ረክሷል አሉ። እንዲያው ለወሬ ያህል ነው።

ዓይን ለዓይን ያገናኘን።

ታናሽሽ፣ ወሬኛው