በስምህ የገባው መልእክት

ውድ ወንድሜ ቢሆነኝ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኔ ደህና ነኝ፤ ደህና ነኝ ልበልና ልጀምር። አስቀድሜ ደስታዬን ልንገርህ፦ ይህን የምጽፍልህ በስልኬ ነው፣ በገዛ ፊደላችን።

ወደ በረሃው እርሻ ከመውረድህ በፊት የሁለታችንንም ስልክ ይዤ ስልክ ጠጋኙ መሐመድ ሱቅ ጎትቼህ ሄጄ አልነበር? አማርኛ ሲላክልን ባዶ ሳጥን እየደረደረብን፣ በእንግሊዝ ፊደል ስንጻጻፍም ሳንግባባ ስንት ጊዜ ተኳረፍን። መሐመድ የአማርኛ ማንበቢያውንም መጻፊያውንም ጫነልን።

«እትዬ የዓለምወርቅ፣ እንግዲህ ወሬሽን ስልኩ ከቻለው» ብሎ ሳቀብኝ።

አንተ ደግሞ «የትራክተር መሪ ያደነደነው ጣት ፊደል አይለቅምም፤ እኔ እደውላለሁ» አልክ።

ከዚያ ስልክህ ተዘግቶ ሰነበተ። ትናንት ረፋድ ላይ በስምህ መልእክት ገባ። ጥርት ያለ አማርኛ፣ አንድ ፊደል ያልተዛነፈበት። «ወንድሜ ጻፈልኝ» እያልኩ በመተማ ገበያ ሁሉ እያዞርኩ አሳየሁት። ሁለተኛ ሳነበው ነው ነገሩ ያልገጠመልኝ።

«ታምሜያለሁ። ለማንም ሳትነግሪ ነገ በባጃጅ እርሻው ድረስ ነዪ» ይላል።

በባጃጅ? ዝናቡ ሰሞኑን አላባራም። ጥቁሩ የዋልካ አፈር ከራሰ ከትራክተር በቀር ጎማ እንደማያሳልፍ ካንተ በላይ ማን ያውቃል? አምና አሰሪህን «ክረምት ከገባ መኪናህን ከተማ አቁም» ብለህ የተቆጣኸው አንተ አይደለህም?

ደወልኩ፤ አይነሳም። «ድምፅህን ብቻ አሰማኝ» ብዬ ጻፍኩ። «ጉሮሮዬን አሞኛል፤ ብቻሽን ነዪ» የሚል መጣ።

ለመሐመድ ሳሳየው ሳቁ ጠፋ። «እትዬ፣ የስልክ ጽሕፈት የማን እጅ እንደሆነ አያሳይም» አለኝ።

ወይ መንገዳችንን የማያውቅ አጋች ስልክህን ይዟል። ወይም ሰው በላይህ ቆሞ እያስጻፈህ፣ «በባጃጅ» በማለት እንዳልመጣ የነገርከኝ አንተው ነህ። እኔ ይህን ሁለተኛውን አምናለሁ፤ በሱ ውስጥ በሕይወት አለህና።

ስለዚህ አልመጣም፣ ወንድም ዓለም። ለዘመድም ለሚሊሻም ነግሬ፣ በትራክተር ወርደዋል። ይህን ደብዳቤ ግን ወደ ስልክህ አልሰደውም፤ ማን እንደሚያነበው አላውቅም። እዚሁ አስቀምጬልሃለሁ፤ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ታነበዋለህ።

እህትህ የዓለምወርቅ

ይኸው ስጨርስ ደግሞ ስልኬ ላይ ከስምህ ሥር «በመጻፍ ላይ…» ይላል፤ አንድ ሰው እየጻፈልኝ ነው። በጥሩ አማርኛ።