እናቱን ያስቀምጥባት

ታህሳስ 6፣ ሰኞ

ብርድ ነው ዛሬ። መኪናዋን እንደ ወትሮው ፈላና በር ውጪ ነው ያሳደርኳት። ጀጎል ውስጥ በእኛ መንገድ አህያ ከነጭነቱ ካለፈ ትልቅ ነገር ነው። የተማሪ ሰርቪስ ሥራ... አንዱ ኪሱን ለውዝ ሞልቶ መጥቶ መቀመጫውን ሁሉ ልጣጭ አደረገልኝ። አንዷ ደብተሯን ረስታ አስመለሰችኝ። ዋፋ እንደ ልማዷ ከኋላዬ ተቀምጣ፣ "እማ ዘምዘም፣ ጥሩንባ ልንፋ?" አትነፊም። በየቀኑ ትጠይቃለች፣ በየቀኑ አትነፊም።

ወደ አቦከር ስታጠፍ መሪው ከበደኝ። ለቅጽበት ነው። ቢጫ መብራት በራ፣ ጠፋ፣ መሪው ተመለሰ። ደግሞ ጀመረ? አምና እንዲሁ ሲያደርገኝ ለአብዱልፈታ ነግሬዋለሁ። የመኪና አስመጪው የሐረር ወኪል እሱ ነው፣ መኪናዋንም የገዛሁት ከሱ ነው። "አብሽሪ እህቴ፣ የኔ ጉዳይ ነው" ብሎኝ ነበር። እስካሁን ጉዳዩ ነው መሰለኝ።

ከሰዓት ልብስ አጠብኩ። ሌላ የለም።

ታህሳስ 8፣ ረቡዕ

የምጽፈው ፊደል ራሱ ሰክሯል።

ልጆቹን ጭኜ ስወርድ ቁልቁለቱ ላይ መሪው ቆለፈ። ድርቅ! ወደ ቀኝ ብለው እምቢ፣ ወደ ግራ ብለው እምቢ። ፍሬን ረገጥኩ፣ ያ ረቢ አልኩ፣ ሄደን ከድንጋይ ግንቡ ጋር ተላተምን። ለውዝ ሻጯ ሴትዮ ምንጣፏን ጥላ ሮጠች። እሷ ተረፈች፣ ለውዙ አለቀ። ልጆቹ ጮኹ። ዋፋ ከንፈሯን ነክሳ ደም በደም ሆነች። ሌላ ማንም አልተነካም፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ግንቡ ባይኖርስ? ከግንቡ ወዲያ እኮ ገደል ነው...

የዋፋ እናት ሳፊያ መጣች። አልጮኸችም። ልጇን አቅፋ አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ለሁሉም ወላጆች ደወልኩ። መሪው ካልተሠራ አንድም ልጅ እዚያች መኪና ውስጥ አይገባም። በቃ። ምን ልንበላ ነው? ባሌ ኑር መኪና ግርግር፣ ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ ላይ፣ በሚሰፋት ልብስ እንኖራለና። አላህ ያውቃል።

ታህሳስ 9፣ ሐሙስ

ወይ ነዶ! ወይ ነዶ!

ግርማ ጋራዥ አስጎትቼ ወሰድኳት። ገና ሳልነግረው፣ "መሪዋ ነው አይደል?" አለኝ።

"በምን አወቅክ?"

"የዚህ ዓይነቶቹ ሁሉም እንዲህ ናቸው። መሪውን የሚያግዘው ሞተር ይከዳል። ድሬዳዋ የአስመጪው ጋራዥ ስንቱ አስቀይሯል።"

"በስንት?"

"በነፃ ነዋ። ጋራንቲው ሳያልፍ ለጮኸ ሁሉ በነፃ።"

ለጮኸ! እኔ ሳልጮህ ቀርቼ ነዋ። አንተ ሥራው አልኩት። ዕቃው ያለው እነሱ ጋ ብቻ ነው፣ ነካክቼ ብሰጥሽ ነገ ልጅ ትፈጂያለሽ አለኝ። እውነቱን ነው።

እዚያው ቆሜ አዲስ አበባ አስመጪው ጋ ደወልኩ። አንዷ አነሳች፣ ድምጿ ማር።

"ደንበኛችን፣ ጋራንቲው አልፏል።"

"ሲጀምረኝ አላለፈም ነበር።"

"ያስመዘገቡት ቅሬታ የለም።"

"ለወኪላችሁ ነግሬያለሁ።"

"በጽሑፍ ነው?"

በጽሑፍ! ለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው የነገርኩት። አብዱልፈታ እኮ የአፎቻችን ሰው ነው። ሲሞትብን አብሮን የሚቀብር፣ ስንድር አብሮን የሚድር። የአፎቻህ ሰው ቢሮ ገብተህ የቅሬታ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ብታስቀምጥ ከሰስከው ነው የሚባለው። ከኛ ማን ያደርገዋል? ማንም። ይሄን ለዚያች ልጅ በስልክ እንዴት ላስረዳት?

"በሽታውን ግን ታውቁታላችሁ አይደል?" አልኳት።

ኪቦርድ ስትመታ ይሰማኛል።

"ታውቁታላችሁ?"

"ደንበኛችን፣ ጋራንቲው አልፏል።"

ስልኩን ልወረውረው ነበር። ግርማ ከእጄ ተቀበለኝ።

ታህሳስ 11፣ ቅዳሜ

አብዱልፈታ ሱቅ ሄድኩ። ገና ሳልቀመጥ፣ "ለእህቴ ለስላሳ አምጡ!" ለስላሳህን ለራስህ አልልም መቼም... ጠጣሁ። ከዚያ ሁሉን ነገርኩት፣ ግንቡን፣ የዋፋን ከንፈር፣ አምና የነገርኩትን።

"አምና? ምን ብለሽኝ ነበር?"

"መሪው ይከብዳል፣ ቢጫ መብራት ይበራል አላልኩህም? የኔ ጉዳይ ነው አላልከኝም?"

"ወላሂ አላስታውስም ዘምዘም።"

ወላሂ አለ! ዓይኑን በጨው ታጥቦ፣ በአላህ ስም! ብርጭቆውን አስቀምጬ ወጣሁ፤ አንድ ቃል ብጨምር ስድብ ነበር።

ቤት ስደርስ ኑር፣ "ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ፣ ሠርጉ ይለፍ" አለኝ። የአብዱልፈታ ልጅ ናፊያ ጥር መጀመሪያ ላይ ልትዳር ነው። የሴቶቹን አፎቻ ከበሮ የምመታው ደግሞ እኔ ነኝ።

"አልሄድም" አልኩ።

"ነገ እኛ ቤት ሐዘን ቢገባ ማን ይምጣልን?"

ይሄ ሰውዬ ሲናገር ቀስ ብሎ ነው፣ ግን መግቢያ መውጫ ያሳጣል። እርር ድብን ብዬ ተኛሁ።

ታህሳስ 17፣ ዓርብ

ግርማ ግቢ ሄጄ አየኋት። አቧራ ለብሳለች። ኮፈኗን በጥፊ አልኳት። እጄን አመመኝ።

ታህሳስ 22፣ ረቡዕ

ልጆቹን ባጃጅ ላይ ተደራርበው ሲያልፉ አየሁ። ዋፋ ጫፍ ላይ ናት፣ ግማሽ እግሯ ውጪ። እጇን አወዛወዘችልኝ። ያዢ! ብዬ ጮህኩ፣ ያዢ አንቺ ልጅ!

ይሄ ሁሉ አንድ ሰው "አላስታውስም" ስላለ ነው።

ታህሳስ 26፣ እሁድ

ሴቶቹ ለሠርጉ ዝግጅት አብዱልፈታ ቤት ተሰብስበናል። ሄድኩ፣ አዎ ሄድኩ። ነጭ ሽንኩርት እየላጥን ሚስቱ ዋፊቃ ታወራለች። ደግ ናት እሷ፣ ተንኮል አታውቅም። ለእኔ አዝና ነው እንዲህ ያለችኝ...

"የኛም መኪና እኮ እንዳንቺው መሪዋ ደርቆብን ነበር! አብዱል ድሬዳዋ ወስዶ አስቀየራት፣ አሁን ቅቤ ናት።"

"መቼ?"

"አምና ነዋ። ረመዳን ሊገባ ሲል።"

እኔ የነገርኩት ከዚያ በፊት ነው። እኔ ነግሬው፣ እሱ ሰምቶ፣ የራሱን መኪና አስቀየረ። የራሱን! ቢላዋውን ቀስ ብዬ መሬት አስቀመጥኩት። በዚያ ሰዓት ቢላዋ ይዞ መቀመጥ ጥሩ አልነበረም።

የአብዱልፈታ እናት አዴ ባርኮት ከላይ ነደባው ላይ፣ ከመደቦቹ ሁሉ ከፍ ባለው፣ ጋደም ብለዋል። የተኙ መስለውኝ ነበር። አልተኙም። ዓይናቸው እኔ ላይ ነው።

ብዙም ሳይቆይ ራሱ አብዱልፈታ ገባ። ሙሽራዋን ለሚያጅቡት አሮጊቶች መኪና ጎደለኝ አለ። ቀጠለና፣ ምን ይሉት ድፍረት ነው፣ "ዘምዘም፣ ያቺ ሰፊዋ መኪናሽ እስከዚያ ትደርስ ይሆን? እናቴንም አንቺው ትይዣት ነበር።"

ሴቶቹ ሁሉ አዩኝ።

"እሺ" አልኩት። "አመጣታለሁ።"

ኑር ሲሰማ አበድሽ እንዴ አለኝ። አላበድኩም። እኔ ሰው አልጭንባትም፣ እሱን ኑር አያውቅም። ሰው ፊት ማቆም ነው የምፈልገው።

ጥር 4፣ ሰኞ

ትናንት ሠርጉ ነበር። እጄ ከከበሮው አብጧል፣ ግን ካልጻፍኩት አይሆንም።

ግርማ መኪናዋን ባዶዋን፣ በእርምጃ፣ መንገዱ ጭር ሲል አምጥቶ አብዱልፈታ ቤት በር ላይ አቆመልኝ። ሙሽራዋ ስትወጣ እኛ ከበሮ እየመታን ወጣን። ሰው ጢም ብሏል። አብዱልፈታ ነጭ በነጭ ለብሶ ይዘዛል፣ "እናቴን ወደ ዘምዘም መኪና! ቶሎ በሉ!"

ከበሮውን አቆምኩ። እኔ ሳቆም ሁሉም ያቆማል። የመኪናዋ በር ላይ ቆምኩ።

"አብዱልፈታ፣ ይቺ መኪና መሪዋ ይቆልፋል ብዬህ ነበር። አላስታውስም ብለህ ማልክ። አንተ ደህና ናት ካልክ ደህና ናት። በል እናትህን በእጅህ አስቀምጥልኝ። የምንወርደው ያን ቁልቁለት ነው።"

ዙሪያውን አየ።

"ዘምዘም... ዛሬ ቀኑ ነው?"

"ቀኑ ነው።"

ላቡን ጠረገ። ወደ አዴ ባርኮት ዞሮ፣ "እማ፣ እርስዎ በሌላ መኪና ይሂዱ" አለ።

ይሄንን ነበር የፈለግኩት! ሰው ሁሉ ሰማ። እዚህ ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። አላበቃም።

"ለምን በሌላ?" አሉ አዴ ባርኮት። "የሰው ልጅ ሲጫንባት ደህና ናት፣ እኔ ስሆን ነው የታመመችው? የራስህን አስቀይረህ የለም እንዴ?" አሉና፣ በትራቸውን ለኔ ሰጥተው፣ ወጡና ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ። በሩንም ዘጉ።

"እማ፣ ሙሽራዋ እየጠበቀች ነው።"

"ትጠብቅ። ለአስመጪዎቹ ደውልላቸው።"

"እሁድ ነው እኮ።"

"የባለቤቱን ስልክ ታውቀዋለህ፣ ለሠርጉ ጠርተኸዋል። አልወርድም።" ከዚያ በመስኮቱ ብቅ ብለው፣ "ትራስ አምጡልኝ፣ ይሄ ወንበር ወገብ ይቆርጣል።"

ትራስ መጣ። ከኋላ ያሉት መኪኖች ጥሩንባ ይነፋሉ። አሮጊቶቹ አንድ በአንድ መኪናዋን ከበቧት። ደወለ! በላብ ተነክሮ ደወለ። "አዎ፣ አምና ነግራኛለች... አዎ፣ ጋራንቲው ሳያልፍ... ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳላስተላልፍ ቀርቼ ነው..." ዓመት ሙሉ የረሳውን በአንድ ጊዜ አስታወሰ። ትራስ ለማስታወስ ይረዳል ማለት ነው።

አዴ ባርኮት እሺታውን በጆሯቸው ከሰሙ በኋላ ወረዱ። ድጋፍ ስሰጣቸው፣ "እንዲህ ያለ መኪና ላይ ማን ይሄዳል!" ብለው ወደ ሌላው መኪና ሄዱ። ናፊያን በዓይነ ርግቧ ስር ስትስቅ አየኋት። እኔም መታሁት ከበሮውን፣ መታሁት፣ መታሁት! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

ጥር 13፣ ረቡዕ

መኪናዬ በጭነት መኪና ድሬዳዋ ወረደች፣ በአብዱልፈታ ወጪ። አዲስ የመሪ ሞተር ገባላት። መሪው በአንድ ጣት ይዞራል። ደስ ብሎኝ ነበር... እሱ ወደ ጥግ እስኪወስደኝ ድረስ።

"አሁን ተቋጨ እህቴ። ግን ለሌላው አታውሪ፣ ላንቺ በልዩ ነው የተፈቀደው።"

"ሌላ ማን አለ?"

"አለ እንጂ፣ ሶፊ ወረዳ አንድ ጫት የሚነግድ አለ፣ ጀማል የሚሉት... እሱ ጋራንቲው አልፏል።"

በልዩ! ደሜ እንደገና ፈላ። ስለዚህ የተሠራልኝ መሪው ስለሚቆልፍ አይደለም፣ እናቱ መኪናዬ ውስጥ ስለተቀመጡ ነው። ጀማል ልጆቹን አይጭንም? ሶፊ መንገድ ላይ ገደል የለም?

ጥር 17፣ እሁድ

ከኑር ጋር ሶፊ ሄድን። ጀማልን ለማግኘት አልተቸገርንም። ያው መኪና፣ ያው ቀለም፣ ጫት እየጫኑባት። ከኋላ ትንንሽ ልጆች ተቀምጠዋል።

"መሪው ከብዶህ ያውቃል?" አልኩት።

"መንገዱ ነው ብዬ ነበር" አለ እየሳቀ። ከዚያ ሳቁ ጠፋ። "ሲብስብኝ አብዱልፈታ ሱቅ ድረስ ሄጄ ነግሬዋለሁ። ጋራንቲ አለቀ አለኝ።"

ሁሉንም ነገርኩት፣ ሠርጉን፣ ትራሱን። ሲስቅ ቆየና፣ "አንቺ እህቴ የአፎቻው ሰው ነሽ። እኔ የማን ነኝ? ማን ይቀመጥልኛል?" አለኝ።

ስንመለስ ኑር ነው የነዳው። ከሁሉ የሚያናድደኝ፣ እውነቱን መሆኑ ነው።

ጥር 18፣ ሰኞ

ልጆቹን ጫንኩ። ሁሉም ተመለሱ። ሳፊያ ልጇን ከማስገባቷ በፊት ራሷ ገብታ መሪውን አዞረችው፣ ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ፣ ደግማ ወደ ቀኝ። አልተቀየምኳትም። ከዚያ ዋፋን አስገባቻት።

"እማ ዘምዘም፣ ጥሩንባ ልንፋ?"

"ንፊ።"

ነፋች። ቁልቁለቱን ሙሉ ነፋች፣ ለውዝ ሻጯ ረገመችን።

ከሰዓት አዴ ባርኮት ጋ ሄጄ የጀማልን ነገር አጫወትኳቸው። ልጃቸው ነው፣ ይቆጡኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

"ልጆች አሉት?" አሉኝ።

"አሉት። ከጫቱ ጋር ነው የሚጭናቸው።"

"ነገ ጠዋት ባዶዋን፣ ቀስ ብሎ ያምጣት። አብዱል ሱቅ በር ላይ ያቁማት። አንቺ መጥተሽ ውሰጂኝ።"

"ሰው ምን ይላል አዴ? የአፎቻችን ሰው አይደለም ቢሉስ?"

"ጀማል ጎኔ ይቀመጥ። ከዚያ የሚሉትን ይበሉ።"

ልወጣ ስል ጠሩኝ። አንድ ነገር ጨመሩ።

ለጀማል ደወልኩለት። ነገ ና አልኩት፣ ሰዓቱን ነገርኩት።

"ትራስም ያዝ።"

"ትራስ?" አለ። ትንሽ ቆየና ገባው፣ ሳቁን ሰማሁት። "ስንት ላምጣ?"

"ሁለት" አልኩት። "አንዱ የአዴ ባርኮት፣ አንዱ ያንተ።"